የጣና ዳር ምርኮ ሽጉጦች

በሌላው ዓለም የጦርነት ዘመን ሽጉጥ መሰብሰብ ጨረታና ካታሎግ ያለው ትልቅ ገበያ ነው። ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ ግን ሰብሳቢው ቤተሰብ ነው። ሽጉጡ ይወረሳል እንጂ አይገዛም። ስሙም ብዙ ጊዜ በፋብሪካው ሳይሆን «የአያቴ ምርኮ» እየተባለ ነው የሚጠራው።

ከጣሊያን በፊት የነበረው ብዙ አይወራለትም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሰዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበር ግን ሁሉም ያውቃል።

ወሬው የሚደራው ከ1928 በኋላ ነው። ጣሊያን በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ገብቶ ምሽግ ሠራ፤ ጎጃም ግን አምስቱንም ዓመት እንቅልፍ ነሳው። እነ በላይ ዘለቀ መሣሪያ ከጠላት እጅ እየነጠቁ ነው የተዋጉት። ምንሽርና አልቤን የሚባሉት ጠመንጃዎች የተራው ተዋጊ ነበሩ። በጣሊያን ጦር ሽጉጥ የሚታጠቀው በአብዛኛው መኮንን ስለሆነ፣ እገሌ ሽጉጥ ማረከ ማለት ሹም ጣለ ማለት ነበር፤ ክብሩም ከዚያ ይመጣል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሲገቡ ደግሞ አብረው ከመጡት የእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ዌብሌይና ኤንፊልድ የሚባሉት ባለ ስድስት ጎራሾችም ሳይገቡ አልቀሩም። የባሕር ዳሩ ጦር በዚያው ዓመት ወደ ጎንደር አፈገፈገ። ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን 1934 እጅ ሰጠች።

ከምርኮዎቹ ዋናው ቤሬታ 1934 የሚባለው የጣሊያን ሽጉጥ ነው (በሽጉጦቹ ስምና በማህተማቸው ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ትንሽ ናት፤ 9 ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት፣ ባለ 7 ጎራሽ። አንዷን በቅርብ አይቻታለሁ። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ፣ አንደኛው የእጀታ ሽፋን ጠፍቶ በዋንዛ እንጨት ተተክቶላት። ጎኗ ላይ 1937 የሚል አለ፤ አጠገቡ በሮማ ቁጥር 15። ሁለተኛው ቁጥር ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ የሚቆጠር የፋሽስት ዓመት ነው። ከዘውድ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት ደግሞ «ሬጆ ኤዜርቺቶ»፣ የንጉሡ ጦር ማለት ናቸው። ይህ ማህተም ወርቅ ነው፤ ወሬን ከእውነት ይለያል። 1942 የሚል ቤሬታ ይዞ «አያቴ ጎጃም ላይ የማረኩት» የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ጦርነቱ እዚህ ያኔ አልቋል።

ሌላው የጣሊያን ሽጉጥ ግሊዜንቲ 1910 ከቤሬታው ይልቅ ብርቅ ነው። ግራ ጎኑ የሚነቀል ሽፋን ስለሆነ አካሉ ደካማ ነው፤ የተሠራውም ኃይሉ አነስተኛ ለሆነ ጥይት ነው። መጠኑ ተመሳሳይ የሆነው፣ ግን ኃይለኛው የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት ይገባለታል፣ ግን መተኮስ አደገኛ ነው። ቦዴዮ 1889 ደግሞ ባለ ስድስት ጎራሽ ነው፤ የተራው ወታደር ቃታው የሚታጠፍ ሲሆን የመኮንኑ የቃታ መከለያ አለው። አንዳንዱን «የአድዋ ነው» ይሉታል። ሊሆን ይችላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 1889 የወጣው ሽጉጥ ከአድዋ ሰባት ዓመት ይቀድማል። ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

ከደርግ ዘመን ጀምሮ የመጡት ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥና መሰሎቹ እዚህ ብርቅ አይደሉም።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ የቤተሰብ ቅርስ ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ መመዝገብ አለበት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ማሳመሩ ነው። የጠላት ምልክት ነው ብሎ ዘውዱን በሞረድ የሚፍቅ አለ፣ እንዲያብረቀርቅ ብሎ ኒኬል የሚያስነክር አለ። የማራኪው ስም፣ ቦታውና ዓመቱ በአንድ ወረቀት ተጽፎ አብሮ ቢቀመጥ ከማሳመር ሁሉ ይበልጣል። ሌላው ጠላት የሐይቁ እርጥበት ነው። ሽጉጡን በቆዳ አፎቱ ውስጥ አስገብቶ ማስቀመጥ ጥሩ ይመስላል እንጂ፣ ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ የተለፋበት ኬሚካልም ብረቱን ይበላዋል። አፎቱ ለብቻ፣ ሽጉጡ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ በደረቅ ጨርቅ ለብቻ።