የሞዴል አውሮፕላን የፎም ክንፍ ማልበስ ምንድን ነው?

መጀመሪያ «ፎም» በምንለው ነገር እንግባባ። ጎንደር ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ ፎም ብትሉ የፍራሽ ስፖንጅ ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። እሱን አይደለም። ቲቪ ወይም ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን፣ ሲሰበር ነጭ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ልብስ ላይ የሚለጠፈውን ነው የምለው። ፖሊስታይሪን ይባላል።

ማልበስ ማለት ከዚህ ፎም የተቆረጠውን የሞዴል አውሮፕላን ክንፍ በወረቀት፣ በፕላስተር ወይም በስስ ፕላስቲክ መሸፈን ነው። ብዙ ሰው ለውበት ይመስለዋል። አውሮፕላኑ አየር ላይ ሲሆን ግን ክንፉ ወደ ላይ ይጎብጣል፣ የታችኛው ፊቱ ይወጠራል፣ የላይኛው ይጨመቃል። ፎም ደግሞ ሲወጥሩት ቶሎ ቀጭ ይላል። ልብሱ በቀላሉ ስለማይለጠጥ ያንን ጉልበት የሚችለው እሱ ነው። ይህ የሚሆነው ታዲያ ከፎሙ ጋር አንድ አካል ከሆነ ነው፤ የተላቀቀ ልብስ ትርፉ ክብደት ነው።

ስለዚህ ዋናው ጣጣ ማጣበቂያው ነው። እኔ የመጀመሪያ ክንፌን የለጠፍኩት ጫማ ሰሪዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ ነበር። ጫማ የያዘ ፎም ያቅተዋል? ብዬ እኮ ነው። ቀብቼ ሳልጨርስ ፎሙ ውሃ እንደነካው ስኳር እየሟሟ ወደ ውስጥ ገባ። ማስቲሹ ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ፖሊስታይሪንን ይበላዋል። ተራው ሱፐር ግሉም እንደዚያው ነው (ለፎም ተብሎ የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ)፣ የሚረጭ ቀለምም ያው። ቀለም ካማራችሁ መጀመሪያ አልብሱት።

ፎሙን የማይነካው ነጩ የአናጺ ኮላ ነው፣ በውሃ የተሠራ ስለሆነ። ችግሩ ሁለት ፎም መሃል ከገባ ውሃው መውጫ ያጣና ቀናት ይፈጃል፤ በሐምሌ ዝናብማ አይወራ። ሁለቱ ክንፎች መሃል ላይ ለሚገናኙበት ቦታ ኢፖክሲ (ሁለቱን ፈሳሽ ቀላቅለው የሚቀቡት ማጣበቂያ) ይሻላል፤ ይከብዳል እንጂ ፎም አይበላም።

ለልብሱ የእኔ ምርጫ ስስ ካኪ ወረቀትና በውሃ የቀጠነ ኮላ ነው። የከበሮ ቆዳ ለምን እርጥቡን እንደሚወጠር ታውቃላችሁ፣ ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል። ወረቀትም እንደዚያው። ታዲያ አንዱን ፊት ብቻ አልብሳችሁ ካደራችሁ ጠዋት የምታገኙት የተጣመመ ክንፍ ነው። ላይና ታቹን በአንድ ቀን ጨርሱ፣ ቅርጹን እንዲይዝ ፎሙ ከተቆረጠበት ትርፍራፊ መሃል አስገብታችሁ መጽሐፍ ጫኑበት። አየር የሚገባበት ክፍተት ግን ተዉለት።

ትዕግሥት ለሌለው ካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አለ። የፎሙን ብናኝ በደንብ ጠርጋችሁ፣ ሳትጎትቱ ለጥፉት። በካውያ የሚለጠፈውን ፕላስቲክ ያገኘ ሰው ሙቀቱን ይጠንቀቅ፤ ፎሙ 100 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ የጥጥ ልብስ የምንተኩስበት ሙቀት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይ ልጨምር። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየራችን ከባህር ዳርቻ አገር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ የቀዳችሁት አውሮፕላን እዚህ ለመነሳት የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል። 1 ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክንፍ ላይና ታቹ 0.4 ካሬ ሜትር ነው። ባለ 80 ግራም (አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝን) የፎቶ ኮፒ ወረቀት ብታለብሱት ኮላው ሳይቆጠር 32 ግራም ጨመራችሁ ማለት ነው። ስስ ወረቀት ያልኩት ለዚህ ነው። (ደግሞ አዘዞ፣ አየር ማረፊያው አካባቢ እንዳታበሩ፣ አደራ!)

ሲደርቅ በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት። ኮሽ የሚል ቦታ ካለ አልያዘም። በምላጭ ትንሽ ሰንጥቁና ኮላውን በስሪንጅ አስገቡለት።