ናና ሙስኩሪ፦ ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀ የግሪካዊት ድምፃዊት ጉዞ

ናና ሙስኩሪ በቀርጤስ ደሴት ተወልዳ አቴንስ ያደገች፣ በጀርመንኛ ዘፈን ስሟ የገነነ፣ ኑሮዋን ፓሪስ ላይ መሥርታ ዓለምን የዞረች ግሪካዊት ድምፃዊት ናት። የመጀመሪያ ሸክላዋን ያስቀረጸችው በ1957 ሲሆን በ2018ም አዲስ አልበም አውጥታለች። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአማርኛ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር በቀላሉ አይገኝም። ስለ ልጅነቷና ስለ 1960ዎቹ ግን ራሷ በየአገሩ ደጋግማ ስለተናገረች የሚነገረው ብዙ ነው፤ ይህ ዳሰሳም እዚያ ላይ ይረዝማል።

ልጅነት

ዮአና ሙስኩሪ (ናና የቤት ስሟ ነው) የተወለደችው ጥቅምት 13 ቀን 1934 በቀርጤስዋ የኻንያ ከተማ ነው። አባቷ ቆስጠንጢኖስ የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር፤ እናቷ አሊስ ደግሞ በዚያው ሲኒማ ቤት ተመልካቾችን ወደ ወንበራቸው ትመራ ነበር። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ወደ አቴንስ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። ከ1941 እስከ 1944 ግሪክ በናዚ ጀርመንና በአጋሮቿ እጅ ወደቀች፤ በመጀመሪያው ክረምት አቴንስ በረኀብ ብዙ ሕዝቧን ቀበረች። አባቷ በዚያ ጊዜ ከፀረ ናዚ አርበኞች ጋር ተሰልፎ ነበር። ይህች ልጅ አድጋ ሕዝባዊ ዝናዋን መጀመሪያ ያገኘችው ከጀርመናውያን መሆኑ ወደፊት ይነሣል።

ናና ታላቅ እህት አለቻት፤ ዩጂኒያ። ሁለቱም የድምፅ ትምህርት ጀመሩ፤ የቤተሰቡ ገንዘብ ግን ለሁለት አልበቃም። ወላጆቻቸው ከሁለቱ ማንን እናስቀጥል ብለው መምህሯን ሲጠይቁ፣ የተሻለ ድምፅ ያላት ዩጂኒያ እንደሆነች፣ ከውስጧ መዝፈን የግድ የሆነባት ግን ናና እንደሆነች ነገረቻቸው። ናና ቀጠለች። ታሪኩን የምትነግረን ራሷ ናት፤ ከ60 ዓመት በላይ መድረክ ላይ የቆመን ሰው ስናይ ግን መምህሯ ተሳስታለች ማለት ይከብዳል።

ስለ ድምፅዋ የሚነገር ሌላም ነገር አለ። አንድ የድምፅ አውታር ብቻ ነው ያላት የሚሉ አሉ፤ ይህ የተጋነነ ይመስላል። በሕክምና ታይቷል የሚባለው ሁለቱ አውታሮቿ እኩል አለመሆናቸው ነው። ስታወራ ድምፅዋ ሻከር ይላል፤ ስትዘፍን ግን እንደ ምንጭ ውኃ ይጠራል። ልዩነቱን ቃለ መጠይቋንና ዘፈኗን አከታትሎ የሰማ ሁሉ ያስተውለዋል።

ከኦፔራ ወደ ጃዝ

በ1950 የአቴንስ ኮንሰርቫቶር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ የክላሲክ ድምፅ አወጣጥ ተማረች። ዝንባሌዋ ወደ ኦፔራ ይሁን እንጂ ሬዲዮ ላይ የምታሳድዳቸው ኤላ ፊትዝጀራልድን፣ ቢሊ ሆሊዴይን፣ ፍራንክ ሲናትራንና ኤዲት ፒያፍን ነበር። ማታ ማታ ከጃዝ ጓደኞቿ ጋር በምሽት ክበብ መዝፈን ጀመረች። ነገሩ በ1957 መምህሯ ጆሮ ደረሰ፤ የኦፔራ ተማሪ ጃዝ ስትዘፍን መገኘቷ አስቆጥቷቸው ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና እንዳትቀመጥ ከለከሏት። ትምህርቱን ትታ ወጣች። ያን ጊዜ ዛኪ በተባለው የአቴንስ ክበብ ትዘፍን ነበር፤ በዚያው ዓመትም የመጀመሪያ ሸክላዋ ወጣ።

ሃጂዳኪስና ጋትሶስ

በ1958 ከዜማ ደራሲው ማኖስ ሃጂዳኪስ ጋር ተገናኘች። ስለ እሱ ትንሽ ሳይባል ስለ እሷ ማውራት አይቻልም። በወደብ ሠፈሮችና በሐሺሽ ቤቶች የሚዘፈነው ሬቤቲኮ የተባለ ሙዚቃ በተማሩት ግሪኮች ዘንድ እንደ ብልግና ይታይ በነበረበት በ1949፣ ሃጂዳኪስ አቴንስ ላይ አደባባይ ወጥቶ ይህ የሕዝባችን እውነተኛ ድምፅ ነው የሚል ንግግር ያደረገ ሰው ነው። ቡዙኪ የተባለውን የግሪክ የክር መሣሪያ ከባለሙያ ኦርኬስትራና ከጥሩ ግጥም ጋር አጣመረው። የግጥሙ ሰው ብዙ ጊዜ ኒኮስ ጋትሶስ ነበር፤ አንድ የግጥም መጽሐፍ ብቻ አሳትሞ ቀሪ ዕድሜውን ለዘፈን ግጥም የሰጠ ገጣሚ። ናና በእነዚህ ሁለት ሰዎች እጅ ተሠራች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦፔራው ያስተማራት የትንፋሽ ሥርዓትና ጃዙ የሰጣት ነጻነት መዋያ ያገኙት በእነሱ ዜማና ቃል ነው።

በ1959 የመጀመሪያው የግሪክ የዘፈን ውድድር ሲካሄድ የሁለቱን ሥራ ዘፍና አንደኛ ወጣች። በተከታዩ ዓመት ያቀረበቻቸው ሁለት ዘፈኖች አንደኝነቱን ተጋሩ፤ ከራሷ ጋር ተወዳድራ አቻ ወጣች ማለት ነው። በዚያው በ1960 ባርሴሎና ላይ በተደረገው የሜዲትራኒያን ዘፈን ውድድርም አሸነፈች። ይህን ያዩት የፊሊፕስ ሸክላ አሳታሚ የፓሪስ ኃላፊዎች ውል አስፈረሟት።

ነጭ ጽጌረዳዎች

ቀጣዩ ምዕራፍ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ጀርመኖች ስለ ግሪክ ዘጋቢ ፊልም ሠሩ፤ ሙዚቃው የሃጂዳኪስ፣ ድምፁ የናና ነበር። ከዜማዎቹ አንዱ የጀርመንኛ ግጥም ተገጠመለትና በ1961 «ነጭ ጽጌረዳዎች ከአቴንስ» ተብሎ ወጣ። ጀርመን ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ጦርነቱ ካበቃ ገና 16 ዓመቱ ነበር። የአቴንስን ረኀብ ያየች፣ አባቷ ጀርመንን የተዋጋ ልጅ ለጀርመኖች በቋንቋቸው ስለ አቴንስ ዘፈነችላቸው፤ እነሱም ወደዷት። ዘፈኑ ኋላ በሌሎች ቋንቋዎችም ተቀረጸ፤ የጀርመንኛው ግን እስከ ዛሬ መታወቂያዋ ነው።

የሥራ ዘመኗ አካሄድ ከዚህ ይጀምራል። ሌሎች ዘፋኞች አንድ ዘፈን ይዘው ዓለምን ይዞራሉ፤ እሷ ግን በየአገሩ ቋንቋ አዲስ ዘፋኝ ሆና ከመጀመሪያው ትጀምር ነበር። በግሪክኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በስፓኒሽኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በደችኛ፣ በዕብራይስጥና በጃፓንኛ ዘፍናለች፤ ዝርዝሩም በዚህ አያበቃም። የፈረንሳይ አድማጭ የሚወድላትን ዘፈን የጀርመኑ ላያውቀው ይችላል፤ ሁለቱም ግን የእኛ ናት ይላሉ።

ኒውዮርክ፣ ፓሪስ፣ ለንደን

በ1962 ኩዊንሲ ጆንስ፣ ኋላ የማይክል ጃክሰንን ገናና አልበሞች ያዘጋጀው ሰው፣ ኒውዮርክ ወስዶ በእንግሊዝኛ የጃዝ ዘፈኖች አስቀረጻት። አልበሙ በወቅቱ ገበያውን አላናወጠም፤ ዛሬ ሲሰማ ግን ከጥሩ ሥራዎቿ አንዱ ነው፤ ያቺ ከኮንሰርቫቶር የወጣች የጃዝ ልጅ በግልጽ የምትሰማው እዚያ ላይ ነው።

በ1963 ፓሪስ ገባች። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለንደን ላይ በተካሄደው ዩሮቪዥን የተባለ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር ሉክሰምበርግን ወክላ በፈረንሳይኛ ዘፈነች። ግሪክ በውድድሩ መሳተፍ የጀመረችው በ1974 ስለሆነ በአገሯ ስም የምትቀርብበት መንገድ አልነበረም፤ ሉክሰምበርግ ደግሞ የውጭ ዘፋኝ የማሰለፍ ልማድ ነበራት። ከ16 ተወዳዳሪዎች 8ኛ ወጣች፤ ለዘፈኑ የማይመጥን ውጤት ነው። ሆኖም ያን ምሽት ዝግጅቱን የመራችው የቢቢሲዋ ኢቮን ሊትልዉድ ልጅቷን አልረሳቻትም። በ1968 ናና በስሟ የተሰየመ የቢቢሲ ቴሌቪዥን ዝግጅት ስትጀምር አዘጋጇ ሊትልዉድ ነበረች። በዝግጅቱ አማካይነት የእንግሊዝ ቤተሰብ ሁሉ አወቃት፤ በ1969 የወጣው አልበሟ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ከ100 ሳምንት በላይ ቆየ።

በመካከሉ አሜሪካ አለች። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ሃሪ ቤላፎንቴ ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረች ሠራች፤ በ1966ም አንድ አልበም አብረው አወጡ፤ የግሪክ ዜማዎች የበዙበት። ከዚህ ጉዞ የቀረው ዝነኛ ወሬ የመነጽሩ ነው። ያን ጊዜ መነጽር ያደረገች ሴት ዘፋኝ መድረክ ላይ ማየት አልተለመደም ነበር፤ የእሷ ደግሞ ወፍራም ጥቁር ፍሬም ነበረው። ቤላፎንቴ መድረክ ላይ እንድታወልቀው ጠየቃት። ነገሩ በጣም ስላስጨነቃት ሥራውን ትቼ እሄዳለሁ እስከማለት ደረሰች፤ እሱም ሐሳቡን ተወ። ከዚያ ወዲህ መነጽሩን አውልቂ ያላት ሰው ካለ አልተሳካለትም። የሚያዩአት ሰዎች ብዙ ጊዜ ፊቷን ሳይሆን ፍሬሙን ነው የሚያስታውሱት፤ የአልበሞቿ ሽፋንም በዚሁ ኖሯል።

ፈረንሳይ ውስጥ ከዜማ ደራሲው ሚሼል ለግራን ጋር ሠርታለች፤ በ1967 በታላቁ የኦሎምፒያ አዳራሽ ዋና ዘፋኝ ሆና ቀርባለች። ፕሮዲውሰሯ አንድሬ ሻፔል ከ1960ዎቹ ጀምሮ አልተለያትም። ከኋላዋ የሚጫወተው «አቴናውያን» የተባለ ቡድን ነበር፤ የቡድኑ ጊታሪስት ዮርጎስ ፔትሲላስ ባለቤቷ ነበር። ሁለት ልጆች ወልደው በ1975 ተለያዩ። በ2003 ሻፔልን አገባች።

1970ዎቹ በጉዞ አለፉ፤ ከአውሮፓ እስከ ካናዳ፣ ጃፓንና አውስትራሊያ።

ወደ አገር መመለስ

በ1981 ከቨርዲ ናቡኮ ኦፔራ የዕብራውያን ባሮች መዝሙር በፈረንሳይኛ ስለ ነጻነት ግጥም ተጽፎለት ዘፈነችው። ፈረንሳይ ውስጥ ትልቅ ዘፈን ሆነ፤ እንደ ልማዷ በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽኛም አወጣችው፤ የስፓኒሽኛው በላቲን አሜሪካ አዲስ አድማጭ አመጣላት። በ1986 ደግሞ የአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መክፈቻ የነበረው ዘፈኗ በእንግሊዝ 2ኛ ደረጃ ደረሰ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አቴንስ ላይ አልዘፈነችም። ከ1962 በኋላ በአገሯ መድረክ የቆመችው በሐምሌ 1984 ነው፤ በአክሮፖሊስ ግርጌ ባለው፣ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የሄሮድስ አቲከስ የድንጋይ ቴአትር። የዘገየችው ከ1967 እስከ 1974 በገዛው ወታደራዊ መንግሥት ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። ይሁንና መንግሥቱ ከመምጣቱ በፊት 5 ዓመት፣ ከወደቀም በኋላ 10 ዓመት አለ። ሥራዋ ሁሉ ውጭ አገር መሆኑ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አገሯን ረስታ ነበር የሚለው ወቀሳ ግን ውኃ አይቋጥርም፤ በየአገሩ ባቀረበችው ዝግጅት የሃጂዳኪስና የጋትሶስ ዘፈኖች ነበሩበት፤ በግሪክኛ መቅረጽም አላቋረጠችም። ከተመለሰች በኋላ በ1985 በጋትሶስ ግጥም፣ በዮርጎስ ሃጂናሲዮስ ዜማ ያወጣችው የግሪክኛ አልበም፣ በዚህ ጸሐፊ ጆሮ፣ ከውጭ አገር ሥራዎቿ ብዙዎቹን ያስንቃል። በ1988 ደግሞ ትምህርቷን ላቋረጠችበት ለክላሲክ ሙዚቃ ሙሉ አልበም ሰጠች።

ከሙዚቃ ውጭ

በ1993፣ አምባሳደር የነበረችው የፊልም ተዋናይት ኦድሪ ሄፕበርን ካረፈች በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች። ከ1994 እስከ 1999 በግሪኩ የኒው ዴሞክራሲ ፓርቲ በኩል የአውሮፓ ፓርላማ አባል ነበረች፤ ለሁለተኛ ጊዜ አልተመለሰችም። በ2010 ግሪክ በዕዳ ስትጨነቅ ከዚህ ወንበር የሚገባትን ጡረታ ለአገሯ እንደምትሰጥ አስታወቀች።

ስንት ሸጠች?

በጣም የሚያከራክረው ይህ ነው። 200 ሚሊዮን፣ 300 ሚሊዮን፣ ከዚያም በላይ የሚሉ ቁጥሮች ይጠራሉ፤ ከዓለም ሴት ዘፋኞች ሁሉ አንደኛ ናት የሚሉም አሉ። አብዛኛው ቁጥር የሚመጣው ከአሳታሚዎቿና ከማስታወቂያ ነው፤ በየአገሩ የተመዘገበውና የተረጋገጠው ሽያጭ ሲደመር ከዚህ በብዙ ያንሳል። በሌላ በኩል ዋና ገበያዋ የነበሩት ብዙ አገሮች በ1960ዎቹ ሽያጭን በሥርዓት አይመዘግቡም ነበር፤ ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥርም እውነቱን አይነግርም። ከ1,500 የማያንሱ ዘፈኖችን ቀርጻለች የሚለው ግን በየቋንቋው የወጣው ሲቆጠር ብዙም አያስገርምም።

ስንብትና መመለስ

ከ2005 ጀምሮ ለሦስት ዓመት የስንብት ጉዞ አደረገች፤ የመጨረሻው ዝግጅት በሐምሌ 2008 በዚያው በሄሮድስ አቲከስ ቴአትር ነበር። ስንብቱ አልጸናም። ጥቂት ዓመታት ቆይታ ተመለሰች፤ 80ኛ ዓመቷንም በ2013 እና 2014 ከአገር አገር እየዞረች በመድረክ አከበረች። ፈረንሳይ የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሸልማታለች። በሚያዝያ 2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ችቦ አቴንስ በሚገኘው የፓናቴናይክ ስታዲየም ለፈረንሳዮች ሲሰጥ የግሪክንና የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙሮች የዘመረችው እሷ ናት፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 90 ዓመት ሞላት።