የፀረ-ተባይ ቅሪት ጣሪያ ምንድን ነው?

ፍራፍሬ ከተረጨ በኋላ በላዩ ወይም በውስጡ እንዲቀር ሕግ የሚፈቅደው የመጨረሻው የኬሚካል መጠን የቅሪት ጣሪያ ይባላል። የሚለካው በኪሎ ስንት ሚሊግራም ተብሎ ሲሆን ላኪዎች «ኤምአርኤል» ይሉታል። ከቁጥሩ በላይ መርዝ፣ ከቁጥሩ በታች ጤና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቁጥሩ የሚወጣው ከማሳ ሙከራ ነው፦ ገበሬው በመመሪያው መሠረት ቢረጭና ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የመቆያ ጊዜ ቢጠብቅ ምን ያህል ይቀራል? ለተመጋቢው አለማስጋቱ የሚፈተሸው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት የተለየ ቁጥር ካልተቀመጠ ጣሪያው በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። ክሎርፒሪፎስ የተባለው የነፍሳት መግደያ እዚህ ደረጃ የወረደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «አስጊ ያልሆነ መጠን ልናስቀምጥለት አንችልም» የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር።

ብርቱካን ሲመረመር ከጭነቱ የተለያየ ቦታ ቢያንስ 10 ፍሬ፣ ከ1 ኪሎ ሳያንስ ይነሳል። ሐብሐብ ከሆነ 5 ፍሬ ይበቃል። ናሙናው ሳይታጠብና ሳይላጥ ስለሚፈጭ «ልጣጩን ማን ይበላዋል?» የሚለው የነጋዴ ክርክር አያዋጣም። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ከተፈጨው 10 ግራም ወስደው አሴቶናይትራይል በተባለ 10 ሚሊ ሊትር ማሟሟያ ፈሳሽና በጨው ንጠው፣ የወጣውን ፈሳሽ ለመሣሪያ ይሰጣሉ።

ጣሪያው 0.01 ሆኖ ውጤቱ 0.015 ቢመጣስ? ጭነቱ ያልፋል። ተቆጣጣሪዎች ለመለኪያ ስህተት 50 በመቶ ስለሚቀንሱ ከጣሪያው ጋር የሚነጻጸረው 0.0075 ነው። 0.03 ከሆነ ግን ተቀንሶም 0.015 ስለሚቀር ጭነቱ ይያዛል፤ ከዚያም ይወገዳል ወይም ወደ መጣበት ይመለሳል። ከንጹሕ ፍሬ ጋር ቀላቅሎ ቁጥሩን ማውረድ በሕጉ በግልጽ ተከልክሏል፤ ባይከለከል ኖሮ ሁሉም ያንኑ ያደርግ ነበር።

ጣሪያውን ያለፈ ሁሉ ሰው አያሳምምም። የሚያሳምመው በአንድ ማዕድ የተበላው መጠን ከሰውየው ክብደት ጋር ተሰልቶ ሲበዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በካሊፎርኒያ በሐብሐብ የሆነው ይኸው ነበር። አልዲካርብ የተባለው ፀረ-ተባይ ለሐብሐብ ጨርሶ አልተፈቀደም፤ ስለዚህ ጥቂት መገኘቱም ሕገወጥ ነው። ኬሚካሉ ከአፈር በሥር ተስቦ ወደ ፍሬው ሥጋ ስለሚገባ ማጠብም መላጥም አይረዳም። ከ1,000 በላይ ሰዎች መታመማቸው ተነገረ፤ ግዛቱ ሽያጩን አግዶ በየገበያው ያለውን ሐብሐብ አስወገደ። ሽያጩ ሲከፈትም ለገበያ የተፈቀደው ማሳው ተመርምሮ ያለፈ፣ ምልክት የተለጠፈበት ሐብሐብ ብቻ ነበር።