«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ የአባባሉ ትርጉም፣ መነሻውና የእስልምናና የዴሞክራሲ ክርክር

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በሰፊው ከሚታወቁት ምሳሌያዊ አነጋገሮች አንዱ ነው። ቀጥተኛ ትርጉሙ ለማንም ግልጽ ነው፤ ሰማይን በሞፈርና በቀንበር ማረስ እንደማይቻል ሁሉ ንጉሥንም ዳኛ ፊት አቁሞ መክሰስ አይቻልም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በባለሥልጣን የተበደለ ሰው አቤት ልበል ሲል፣ ነገሩን እንዲተወው ለመምከር ነው። ምክሩ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ ተበዳዩ በበደሉ ላይ ሌላ በደል እንዳይጨመርበት ከሚሰጋ ወዳጅ አንደበት የሚወጣ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ያንኑ ቃል ሰዎች በምሬት ይናገሩታል፤ ያን ጊዜ ምክርነቱ ቀርቶ ሥርዓቱን የሚነቅፍ ወቀሳ ይሆናል።

የአባባሉ ኃይል የሚመነጨው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን አጣምሮ ከመያዙ ነው። ሰማይ የማይታረሰው በተፈጥሮው ነው፤ ሕግ አውጥቶ የከለከለው የለም። ንጉሥ የማይከሰሰው ግን ሰዎች ባቆሙት ሥርዓት ነው፤ ሰዎች ያቆሙትንም ሰዎች ሊለውጡት ይችላሉ። ሁለቱ ቤት እየመቱ አብረው ሲነገሩ ልዩነታቸው ከጆሮ ይሰወርና የሰው ሥራ የፈጣሪ ሥራ መስሎ ይሰማል። ሃይማኖትና ባህል፣ በተለይም እስልምና፣ ዴሞክራሲን ይረዳሉ ወይስ ያሰናክላሉ የሚለው ክርክር ሲነሳ ይህን አባባል ደጋግሜ የማስበው በዚህ ምክንያት ነው። ዴሞክራሲ ከምንም በላይ ገዥው የሚጠየቅበት፣ የሚከሰስበትና በሕግ የሚሻርበት ሥርዓት ነውና፣ አንድ እምነት ወይም ባህል ለዴሞክራሲ የሚመች መሆኑን ለማወቅ ንጉሥን ከሰማይ ጋር ያስተካክላል ወይስ ይለያል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የአባባሉ መነሻ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ቀን ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ የበቀለው ከቀድሞው የኢትዮጵያ መንግሥት የፍርድ ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ይግባኝ ከታችኛው ዳኛ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እየወጣ በመጨረሻ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። የመጨረሻው ፈራጅ ንጉሠ ነገሥቱ ስለነበሩ፣ ንጉሥን መክሰስ የሚፈልግ ሰው ክሱን የሚያቀርበው ለራሱ ለተከሳሹ ይሆን ነበር። በዚህ ላይ የሃይማኖት ድጋፍ ተጨመረበት፤ ንጉሡ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ተብለው ሲጠሩና ቅብዓ መንግሥት ሲቀቡ፣ እሳቸውን መጠየቅ የሾማቸውን መጠየቅ መሰለ። ይህ አስተሳሰብ ከቃል አልፎ በጽሑፍ ሕግም ሰፍሯል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትና በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሁለቱም የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይከራከሩበት መሆኑን፣ መሠረቱም ዘራቸውና የተቀቡት ቅባት መሆኑን ደንግገዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። አባባሉ ሲበቅል ዙፋኑን የደገፈው ክርስትና እንጂ እስልምና አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና ከእነሱ ጋር የወጡ ክርስቲያኖች በአዲስ አበባ አደባባይ ተሰልፈው የሃይማኖት እኩልነት እንዲከበርና ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ ጠየቁ። ያ ጥያቄ የዜግነት ጥያቄ ነበር፤ ያነሱትም ሰዎች ለጥያቄያቸው ሲሉ ሃይማኖታቸውን መተው አላስፈለጋቸውም። በዚያው አብዮት ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ ነገር ግን ፍርድ ቤት ቀርበው አልተከሰሱም። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ 60 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተገደሉ። ንጉሥ በጉልበት ወረደ እንጂ ንጉሥን መክሰስ አልተጀመረም፤ የማይከሰሰው ሥልጣን ወደ ሌላ እጅ ተዛወረ። ሕዝቡ ግን ከዚህ የተሻለ የሚያውቅ ባህልም ነበረው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል የዚያው ሕዝብ ነው፤ በሕግ የጠፋ ትልቅ ሀብት በጉልበት ከተወሰደ ጥቂት ነገር ያነሰ ያሳዝናል የሚል ፍርድ ነው። ስለዚህ «ባህላችን ለዴሞክራሲ አይመችም» የሚል ሰው ከባህሉ የትኛውን ክፍል መርጦ እንደሚናገር ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

እስልምናን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደ አሜሪካዊው ሳሙኤል ሀንቲንግተን ያሉ ምሁራን፣ በብዙ ሙስሊም አገሮች ዴሞክራሲ ላለመስፈኑ ዋናው ምክንያት የእስልምና ባህል ነው ብለው ተከራክረዋል። የሚጠቅሱት ማስረጃ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ቁርዓን በ4ኛው ምዕራፍ 59ኛው አንቀጽ ለአላህ፣ ለመልእክተኛውና ለሥልጣን ባለቤቶች መታዘዝን ያዛል፤ ሁከትን አብዝተው የፈሩ ሊቃውንትም ይህን ለገዥዎች የሚመች አድርገው ተርጉመውታል። የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ኢብን ተይሚያ የጠቀሱት አንድ የቆየ አባባል፣ ግፈኛ መሪ ስልሳ ዓመት ቢገዛ ያለ ገዥ ከሚያልፍ አንድ ሌሊት ይሻላል ይላል። ይህ አባባል የእኛው «ንጉሥ አይከሰስ» የሥጋ ዘመድ ነው።

በዚያው ትውፊት ውስጥ ግን ሌላም ድምፅ አለ፤ ያውም ከመጀመሪያው ጀምሮ። የመጀመሪያው ኸሊፋ (የነቢዩ ሙሐመድ ተተኪ መሪ) አቡበክር እ.ኤ.አ. በ632 ሲሾሙ ያደረጉት ንግግር በታሪክ ጸሐፊዎች እንደተዘገበው፣ ከእናንተ የተሻልኩ ሳልሆን ተሹሜባችኋለሁ፣ መልካም ብሠራ አግዙኝ፣ ብሳሳት አቅኑኝ፣ አላህንና መልእክተኛውን ካመፅኩ ልትታዘዙኝ አይገባም የሚል ነበር። ኸሊፋው ዐሊ የጠፋባቸውን ጥሩር በአንድ ሙስሊም ባልሆነ ሰው እጅ አግኝተው ዳኛው ቃዲ ሹረይህ ዘንድ እንደከሰሱና በቂ ምስክር ስላላቀረቡ ቃዲው እንደፈረደባቸው በትውፊት ይነገራል። ታሪኩ ለዘመናት ሲተረክ የኖረው፣ ገዥ በዳኛ ፊት እንደማንኛውም ሰው ነው የሚለውን ትምህርት ለማስተላለፍ ነው። ምክክርን ወይም ሹራን የምእመናን ባሕርይ አድርጎ የሚያወሳው የቁርዓን 42ኛ ምዕራፍም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። እርግጥ ሹራ ፓርላማ አይደለም፤ ማን እንደሚማከርና ምክሩ ገዥውን ያስገድድ እንደሆነ አንቀጹ አይዘረዝርም። ስለዚህ ሰዎች መተርጎም ነበረባቸው፤ በትርጓሜውም ተለያዩ።

መለያየቱ በግልጽ የታየው በኢራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የሻሁን (የንጉሡን) ሥልጣን በሕገ መንግሥትና በፓርላማ ለመገደብ በተነሳው አብዮት የቴህራን ታላላቅ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) ከሕዝቡ ጋር ቆሙ። በኢራቋ ነጀፍ ከተማ የነበሩት ሊቅ ናኢኒ ሕገ መንግሥታዊ መንግሥትን በእስልምና ማስረጃ ደግፈው በ1909 ጻፉ፤ ሼህ ፈዝሉላህ ኑሪ ደግሞ ያንኑ ሕገ መንግሥት በእስልምና ስም ተቃውመው በዚያው ዓመት ተሰቀሉ። ሁለቱም የአንድ ሃይማኖት፣ የአንድ መዝሀብ (የሕግ ትርጓሜ መስመር) ሊቃውንት ነበሩ። ከ1979 ወዲህ በዚያች አገር ምርጫ ቢካሄድም ማን እንደሚወዳደር አስቀድሞ የሚያጣራው የጠባቂዎች ምክር ቤት ነው፤ ከሁሉም በላይ የተቀመጠውን መሪ ሕዝብ በድምፁ ሊያወርደው አይችልም።

ተመሳሳይ ክስ ከመቶ ዓመት በላይ በካቶሊክ እምነት ላይ ይቀርብ እንደነበር የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ የቫቲካን ጉባኤ በታኅሣሥ 1965 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት ነፃነትን አወጀ፤ ከ1974 ጀምሮ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ፊሊፒንስና ፖላንድ ከአምባገነንነት ሲላቀቁ ሃይማኖታቸው ካቶሊክ እንደሆነ ነበር። ይህንን ለውጥ አጉልተው ከጻፉት አንዱ ያው ሀንቲንግተን መሆኑ ይገርመኛል። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ አልፍሬድ ስቴፓንና ግሬም ሮበርትሰን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የምርጫ ጉድለቱ የሚታየው ከሙስሊም አገሮች ሁሉ ይልቅ በዐረብ አገሮች መሆኑን አሳይተዋል። በነዳጅ ገቢው ምክንያት የሕዝብ ግብር የማያስፈልገው መንግሥትና ፖለቲካን የተቆጣጠረ ሠራዊት ደግሞ ከየትኛውም መጽሐፍ የተቀዱ አይደሉም።

ዐረብ አገሮችም ቢሆኑ ጠጋ ብለው ለሚያዩት ስለ እምነት ብቻ አይናገሩም። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሙርሲ በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ውሳኔዎቻቸው በየትኛውም ፍርድ ቤት እንዳይታዩ የሚያግድ አዋጅ አወጡ፤ አባባላችንን በአዋጅ መልክ ማውጣት ማለት ይኸው ነው። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ሠራዊቱ ሲያወርዳቸው ደግሞ የእስልምና ትምህርት ማዕከሉ የአል-አዝሃር ታላቅ ሼህና የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ከጦር አዛዡ ጋር ቆመው ታዩ። በቱኒዚያ የ2014ቱ ሕገ መንግሥት ያዘዘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፖለቲከኞች በዳኞቹ ምርጫ ሳይስማሙ ቀርተው ሳይቋቋም ቀረ። ፕሬዚዳንት ቃይስ ሰዒድ ሐምሌ 25 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፓርላማውን ሲያግዱ የሚዳኛቸው አካል አልነበረም። እሳቸው የሃይማኖት ፓርቲ መሪ ሳይሆኑ የሕግ መምህር ነበሩ።

ከሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም የሆነችው ሴኔጋል ይህን በተቃራኒው አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል ለየካቲት 25 የተቆረጠውን ምርጫ ሲያራዝሙ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ አዋጁን ሻረው፤ ምርጫው መጋቢት 24 ተካሄደ፤ ተቃዋሚው ባሲሩ ጆማይ ፋይ አሸነፉ። በዚያች አገር የሱፊ መሪዎች ቃል ከባድ ነው። ሙሪድ የተባለው የሱፊ ማኅበር ጠቅላይ ኸሊፋ በ1988 ተከታዮቻቸው ለሥልጣን ላይ ላለው ፕሬዚዳንት እንዲመርጡ አዝዘው ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ግን እንዲህ ካለው ግልጽ ትእዛዝ በአብዛኛው ታቅበዋል። ያ መታቀብ ለዴሞክራሲ የተሰጠ ሃይማኖታዊ አገልግሎት ነው ብዬ አምናለሁ።

ኢንዶኔዥያ የበለጠ ታስተምራለች። የታላቁ የዑለማዎች ማኅበር የናህደቱል ዑለማ መሪ የነበሩት አብዱራህማን ዋሂድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በሐምሌ 2001 ግን ሸንጎው ሻራቸው። ከመሻራቸው በፊት ሸንጎውን ለመበተን ቢሞክሩም ሠራዊቱ አልታዘዘላቸውም፤ ተተኪያቸው ሜጋዋቲ ሆኑ። ሴት መሪ ልትሆን አይገባም ሲሉ የነበሩት የእስልምና ፓርቲ መሪ ሐምዛ ሐዝ በምክትል ፕሬዚዳንትነት አብረዋቸው ሠሩ። እዚያው አገር ግን እምነት ነክ ንግግርን የሚቀጣ ሕግ በ1965 ወጥቷል፤ ክርስቲያኑ የጃካርታ አስተዳዳሪ አሆክ በ2017 ሃይማኖትን ተሳድበሃል ተብለው ሁለት ዓመት ተፈርዶባቸዋል። የሃይማኖት ስም የያዘ ሥልጣን ከትችት በላይ ሲሆን አዲስ ንጉሥ ይነሣል፤ ስለ እስልምናና ዴሞክራሲ ሳስብ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ያንን ሕግ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከተቃወሙት አመልካቾች አንዱ ግን የቀድሞው ፕሬዚዳንት፣ የሃይማኖት ሊቁ ዋሂድ ራሳቸው ነበሩ። በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ፍርዱን ሳይሰሙ አረፉ፤ ፍርድ ቤቱም በቀጣዩ ሚያዝያ አቤቱታውን ውድቅ አደረገው።