«ምን አጥፍቶ ነው የወረደው?» ዝቅ ባለ መደብ ሥራ ስለመቀየር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮምቦልቻ ውስጥ በሰው ሀብት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የቅጥር ኮሚቴ በተቀመጥን ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። የአመልካቹ የሥራ ልምድ ይገለጣል፤ ትናንት የክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው ዛሬ ለባለሙያ መደብ ማመልከቱ ሲታይ አንዱ ቀና ብሎ «ምን አጥፍቶ ነው የወረደው?» ይላል። ቅዳሜ ደሴ ስወጣም ለቅሶ ቤት ሳይቀር የምሰማው ይህንኑ ነው። ሰልችቶኛል።

«ዝቅ ብሎ የተቀጠረ ሰው ጥፋት አለበት»

ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ከደረጃና ከደመወዝ ዝቅ ማድረግ ከዲሲፕሊን ቅጣቶች አንዱ ነው። በግምገማ ከወንበሩ የተነሳ ሰውም ሁላችንም እናውቃለን። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ደረጃው የቀነሰ ሁሉ የተቀጣ ቢመስለው አይገርምም። ግን ቅጣት አሠሪ በሠራተኛው ላይ የሚጥለው ነው። አንዱን ድርጅት ለቆ ሌላው ዘንድ ዝቅ ባለ መደብ የገባ ሰው ውሉን አንብቦ፣ ወዶና ፈቅዶ የፈረመ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።

ይህ ጥያቄ በእኛ ከተማ ሲጠየቅ ደግሞ ያመኛል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣችና ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ድርጅቶች ከቀረጥ ነፃ የመላክ ዕድላቸውን አጡ። ያኔ ከኦፕሬተር እስከ ክፍል ኃላፊ ሥራ ፈላጊ የሆነውን ሕዝብ በዓይናችን አይተናል። ታዲያ የ2014 እና የ2015 ክፍተት ያለበትን የሥራ ልምድ ይዞ የመጣን ሰው ምን አጠፋህ ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል?

የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ የነበረች አንዲት እህት ለተራ ኢንስፔክተር መደብ ተወዳድራ ኮሚቴው ይህንኑ ጠየቃት። «ፋብሪካው ቆመ፤ ሥራ ፈልጌ መጣሁ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ተከራክሬ አስቀጠርኳት። ከገባች በኋላ የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዛ ወደ መብራቱ እያዞረች፣ እንከኑ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ትናገር ነበር። በዕድሜ የሚያንሳት የፈረቃ ኃላፊ ርክክብ ከማድረጉ በፊት የእሷን ማስታወሻ ደብተር ማየት ልማዱ ሆነ። እሷም ስህተቱን በሠራተኛ ፊት ነግራው አታውቅም፤ ለብቻው ጠርታ ነበር የምታሳየው።

ዝቅ ብላችሁ የምትገቡ ሰዎች ከሁሉ በፊት ይህንን ያዙ። አለቃችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ «እኔ በነበርኩበት ጊዜ» የሚለውን ንግግር ቤት አስቀምጡት። የቀድሞ ኃላፊነታችሁን ግን ከሲቪ ላይ አትሰርዙ። አንዳንዱ «ከመደቡ በላይ ነህ» እንዳይባል ይሰርዘዋል፤ በኋላ የሥራ ልምዱ ሲመጣ ውሸታም ያስመስለዋል። ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ዝም በሉ። ረጅም ማብራሪያ ነው ጥርጣሬ የሚያመጣው። ለቤተሰብም ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ከጎረቤት ከሰሙት ታሪኩ ተለውጦ ነው የሚደርሳቸው።

«የኃላፊነት ልምዴ ይቀርብኛል»

አይቀርም፣ ወረቀቱን ከያዛችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። «በድርጅታችን ሠርተዋል» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከሰጧችሁ መልሱት። ከመቼ እስከ መቼ በምን መደብ እንደሠራችሁ ተለይቶ ይጻፍ። ክሊራንስ ጨርሳችሁ ከወጣችሁ በኋላ ይህን ማስተካከል መከራ ነው።

«ደመወዜ 5,000 ብር ቀነሰ፣ 5,000 ብር ከሰርኩ»

ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፤ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ደግሞ ለጡረታ ይሄዳል። ከ27,000 ወደ 22,000 የወረደ ሰው ከቀነሰው 5,000 ውስጥ 1,750ው ግብር፣ 350ው ጡረታ ነበር። ኪሱ የሚጎድለው 2,900 ብር ነው። ሰው በእጅ የሚገባውን ትቶ በጥቅሉ ሲያለቅስ ማየት ያበሳጨኛል። የሚረሳው ሌላ ነገር ነው፤ የኃላፊነት አበል፣ የስልክ ካርድ፣ የቤት አበል፣ መኪና። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በድርጅት መኪና ሲመላለስ ቆይቶ፣ አዲሱ ድርጅት ሰርቪስ ከሌለው በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ለመውረድና ለመውጣት የሚከፍለውን ይደምር። እሱ ነው እውነተኛው ቅናሽ።

«በፈቃዱ የለቀቀ ስንብት ክፍያ አያገኝም»

ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገላችሁና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለባችሁ ታገኛላችሁ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ጣሪያው የ12 ወር ነው። 9 ዓመት የሠራ ሰው የ110 ቀን ደመወዝ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ። ተናዳችሁ በማግስቱ አትጥፉ።

«ልምድ ላለው ሰው የሙከራ ጊዜ የለም»

አለ። እስከ 60 የሥራ ቀን፣ በጽሑፍ።

«ዳይሬክተር የነበረ ሰው የፈረቃ ኃላፊ ከሆነ ወረደ»

ስድስት ሰው ይመራ የነበረ ዳይሬክተር ፋብሪካ ገብቶ መቶ ሰው የሚያሰማራ የፈረቃ ኃላፊ ቢሆን የቱ ጋ ነው የወረደው? የመደብ ስም ሳይሆን ስንት ሰውና ምን ያህል ንብረት እንደተረከባችሁ ጠይቁ።

«ጡረታዬ ይበላሻል»

አገልግሎታችሁ ከድርጅት ድርጅት ይደመራል፤ ከመንግሥት ወደ ግል ቢሄዱም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ለአዲሱ አሠሪ ስጡ፣ መዋጮው በስማችሁ መግባቱንም ተከታተሉ። አበሉ የሚሰላው ከጡረታ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ፣ በ40 ዓመት ዕድሜ ደመወዝ ቀንሶ በኋላ የተነሳ ሰው አይጎዳም። 57 ለሞላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መውጫው 60 ነውና የምትፈርሙት ደመወዝ ዕድሜ ልክ የሚከተላችሁ ነው። እናንተ ሒሳቡን በወረቀት ሠርታችሁ ካላያችሁ አትፈርሙ።