ሶሎ ካኑ ምንድን ነው?

ሶሎ ካኑ ለአንድ ቀዛፊ ብቻ የተሠራች ጠባብ ታንኳ ናት። ሁለቱም ጫፎቿ የሾሉ ናቸው። ከላይ ክፍት ናት። መቀመጫዋ ከመሐል ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ይላል። ነገሩ ይኸው ቢሆን ኖሮ የወደድነውን ቀለም መርጠን መግዛት ነበር። ግን የሶሎ ካኑ ትልቁ ፈተና ውሃ ላይ ሳይሆን የብስ ላይ ነው።

ሚኒሶታ ሰሜን ጫፍ፣ የካናዳ ድንበር ላይ፣ ባውንደሪ ዋተርስ የሚባል ጥብቅ ዱር አለ። ከ1,000 በላይ ሐይቆች አሉት። ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ ኢሊ የምትባለው መግቢያ ከተማ ለመድረስ አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። በዚያ ግዛት ብዙ ሐበሻ ስለሚኖር፣ ይህ ቦታ ለብዙዎቻችን የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም።

ሐይቆቹን ብዙ ቦታ ላይ ጫካና ድንጋይ ይለያቸዋል። አንዱን ቀዝፎ የጨረሰ ሰው ታንኳውን ገልብጦ ትከሻው ላይ ያደርግና በእግሩ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ይህ ፖርቴጅ ይባላል። ካርታው ላይ የሚለካው በሮድ ነው፤ አንድ ሮድ 5 ሜትር ገደማ፣ የአንድ ታንኳ ቁመት ያህል ማለት ነው። 320 ሮድ አንድ ማይል ይሆናል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ታንኳዋ ከብዳ ከዕቃው ጋር በአንዴ አልሸከም ካለች፣ መጀመሪያ እሷን ማድረስ፣ ባዶ እጅን መመለስ፣ ከዚያ ዕቃውን አዝሎ እንደገና መሄድ ነው። አንዱ ማይል ሦስት ሆነ። በቀን አምስት ፖርቴጅ ካለ ደግሞ ራሳችሁ አስቡት። ስለዚህ ቀላል ታንኳ ስንፈልግ የምንፈልገው ትከሻችን እንዲያርፍ ብቻ አይደለም። ታንኳና ቦርሳ አንድ ላይ ተሸክመን፣ መንገዱን አንዴ ብቻ ሄደን እንድንጨርስ ነው።

ይህን ነገር ቀድሞ የገባው ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። አጭርና ቀጭን፣ የሳንባ በሽታ ያደከመው፣ ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ያሉትን የአዲሮንዳክ ሐይቆች ብቻውን መቅዘፍ ፈለገ፤ ከባድ ታንኳ ግን አቅሙ አልነበረም። ጄ. ሄንሪ ራሽተን የተባለ ታንኳ ሠሪ ከስስ የዝግባ ጣውላ 9 ጫማ የምትረዝም ታንኳ ሠራለት። ክብደቷ 10 ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም 5 ኪሎ እንኳ አትሞላም! በ1883 ከ260 ማይል በላይ ተጓዘባት።

ዛሬ ይህን ሥራ ከእንጨት ይልቅ ኬቭላር ይዞታል። ጥይት መከላከያ ሰደርያ የሚሠራበት ክር ነው፤ ስቴፋኒ ክዎሌክ ዱፖንት የሚባል የኬሚካል ኩባንያ ውስጥ ስትሠራ በ1965 አገኘችው። የድሮዋ ባለ 17 ጫማ የአሉሚኒየም ታንኳ ለሁለት ሰው 34 ኪሎ ገደማ ነበረች። የኬቭላር ሶሎ ግን 15 ኪሎ አካባቢ ናት። ፀሐይ ሲያርፍባት ግድግዳዋ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጧ ቁጭ ብላችሁ ውሃው ከውጭ የት ድረስ እንደደረሰ ማየት ትችላላችሁ። ስሷ ገላዋ ግን ድንጋይ ላይ መጎተት አይወድም። ዳር ሳትደርሱ ውሃው ውስጥ ወርዳችሁ፣ ጫማችሁ እየራሰ፣ አንሥታችሁ ነው የምታወጧት።

ታዲያ ከሁሉም የቀለለችውን መግዛት ነው? እኔ አልመክርም። ታንኳ የምትቀለው ስታጥር፣ ጎኗም ዝቅ ሲል ነው። ሲርስ ትንሽ ሰው ነበር። የሳምንት ምግብና ድንኳን የጫነ ትልቅ ሰው ያን መሰል ታንኳ ላይ ቢቀመጥ፣ ሰፊ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ጭኑ ላይ ይደፋል። ረዘም ያለች ታንኳ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሆዷ ወደ ጫፎቹ ቀና ያለ ደግሞ ቶሎ ትታጠፋለች፤ ለጠማማ ወንዝ አሪፍ ነው፣ ሐይቅ ላይ ግን አቅጣጫ ማስያዙ ያደክማል። ለባውንደሪ ዋተርስ ዓይነት ቦታ 15 ጫማ አካባቢ፣ ጫፎቿ ጥቂት ብቻ ቀና ያሉ፣ ብትመርጡ ይሻላል። ከዚህ ለማቅለል ብላችሁ ሁለት ኪሎ ብትቀንሱ፣ በነፋስ ቀን ትከፍሉበታላችሁ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ትከሻ ላይ የሚያርፈው ቀንበር ነው። የሁለት ሰው ታንኳ ላይ መሐሏ ላይ ተገጥሞ ይኖራል። በሶሎ ግን ቦታውን መቀመጫው ስለሚሻማ፣ ፖርቴጅ ላይ ሲደረስ የሚታሰር፣ ውሃ ላይ ደግሞ የሚወልቅ መሆን አለበት። ስታስሩት የታንኳዋ ኋላ ትንሽ ከብዶ አፍንጫዋ ቀና እንዲል አድርጉ። አለበለዚያ ፊታችሁ ላይ ተደፍታ መንገዱን ትጋርዳችኋለች።

ኢሊ ውስጥ የኬቭላር ታንኳ በቀን የሚያከራዩ አሉ። ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን ተከራዩ። ገና ከመኪናው ስታወርዷት፣ ማንም ሳያግዛችሁ፣ ከመሬት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ትከሻ አንሷት። ከዚያ ቦርሳችሁን አዝላችሁ ድገሙት።