«በጥቅምት አንድ አጥንት»፦ ብርዱ ሲገባ ከጎንደር ሰው አፍ የማይጠፋ አባባል

መስቀል አልፎ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የጎንደር አየር ይለወጣል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ወደ 12 ሰዓት ሲጠጋ ግን ፒያሳ ላይ ቆሞ ሲያወራ የነበረው ሁሉ ጋቢውን ደርቦ፣ ጃኬቱን ቆልፎ ወደ ቤቱ ይፈጥናል። በዚህ ሰሞን አንድ አባባል ከሰው አፍ አይጠፋም፦ «በጥቅምት አንድ አጥንት»።

ላይ ላዩን ሲያዩት ትርጉሙ ቀላል ነው። ጥቅምት ይበርዳል፤ ብርዱን የሚችል ሰውነት እንዲኖርህ ትንሽም ብትሆን ሥጋ ቢጤ ቅመስ ይላል። ሥጋ ቤት በር ላይ ይባላል። ቅርጫ የሚያስተባብር ሰው ጎረቤቱን ሲቀሰቅስ ይለዋል። ባል ከቅዳሜ ገበያ በፌስታል ጠቅልሎ ሲገባ ሚስት «ምነው ዛሬ፣ ምን ተገኘ?» ብትለው መልሱ ይኸው ነው። እኔን ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ የአባባሉ ልክ ነው። ሙክት አላለም፣ በሬ አላለም። አንድ አጥንት ነው የጠየቀው።

ለምን ጥቅምት ተመረጠ? ሐምሌና ነሐሴም እኮ ይበርዳሉ። ነገር ግን የክረምት ብርድ ሌላ ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት በቀላሉ አትለቅም። መስከረም 25 ክረምቱ ወጥቶ በማግሥቱ መፀው ሲገባ ደመናው ይገፈፋል። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ የቀኑም ሙቀት የሚያግደው አጥቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ወገራንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ለሚዘልቅ ሰው ብርዱ ይብስበታል። እዚያ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሌሊቱም ይረዝማል። መስከረም 12 አካባቢ ቀንና ሌሊት እኩል ከሆኑ በኋላ፣ እስከ ታኅሣሥ 12 ገደማ ሌሊቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል። እኛ አገር ጭማሪው ተደምሮ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብርዱ ሲታከልበት ግን ምሽቱ ረጅም ነው፤ ሰውም ቤቱን ቤቱን ይላል።

ሌላው ምክንያት ከብቱ ነው። በጥቅምት ከብቱ የክረምቱን ሣር ጠግቦ ይሰባል። ከጎንደር ወደ ጣና ወረድ ብሎ ያለውን የደንቢያን ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ ፎገራን በዚህ ወር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ጾሙም ፈቅዷል። ፍልሰታ በነሐሴ አጋማሽ ተፈትቷል፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በመካከሉ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ለሁሉም የታዘዘ ጾም የለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ብርዱ መጥቷል፣ ከብቱ ሰብቷል፣ ጾሙ ተፈትቷል። ጎተራው ግን ገና አልሞላም። ጤፉ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ያምናው እህል ወደ ማለቁ ነው። «ሐምሌን በብጣሪ፣ ነሐሴን በእንጥርጣሪ» ብሎ ክረምቱን የተሻገረ ገበሬ በጥቅምት በሬ ጥሎ ልብላ አይልም። አባባሉን የወለደው ይህ ይመስለኛል። ሰውነት ሙቀት ይፈልጋል፣ እጅ ግን አጥሯል፤ ስለዚህ ፍላጎቱ ወደ አንድ አጥንት ወረደ። ኪሎ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ለመቁረጥ ምክንያት አድርገው ሲጠሩት እሰማለሁ። መብላቱን አልቃወምም። ግን አባባሉ ያንን አላለም።

ቅርጫም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይሄዳል። ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል። ከታረደ በኋላ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል፤ ከየብልቱም ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ማንም መርጦ አይወስድም። አቅም ያነሰው ሁለት ሆኖ አንድ መደብ ይካፈላል። በከተማችን አዲስ ዓለም ሰፈር በኩል ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም በየራሳቸው ማዕድ ሾርባቸውን ይጥዳሉ። እርዱ ለየብቻ ቢሆንም ብርዱ የጋራ ነው፤ አባባሉንም ሁሉም ይለዋል።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ጋ ነውና። ለዚህ ወር ቅልጥም ያለበት አጥንት ይመረጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ይጣዳል። አረፋው ሲወጣ ይገፈፋል። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ እርድ ይገባል። ከዚያ እሳቱ ዝግ ይልና ይተዋል። አይቸኮልም፤ ሁለት ሦስት ሰዓት መንተክተክ አለበት። ድንች የሚጨምር አለ፤ ድንቹ አጥንቱን ለስድስት ሰው ያደርሰዋል። ቃሪያው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱ በእንፋሎቱ ይሞቃል፤ የመስኮቱ መስታወት ላብ ያወጣል። ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው ወደ ማእድ ቤቱ ይጠጋሉ። እናት «ገና ነው፣ ተነሱልኝ» ትላለች። ማንም አይነሳም።

ሲበስል መረቁ በየሳህኑ ይቀዳል፤ እንጀራ ይፈተፈትበታል። መቅኔው አጥንቱ ተመትቶ ይወጣል። ለማን ይሰጥ የሚለው ክርክር በየቤቱ ሌላ ነው። አንዱ ቤት ለአባወራው፣ ሌላው ቤት ለአራስ፣ እንግዳ ካለ ለእንግዳ። እኔ ያደግሁበት ቤት ሕጉ ግልጽ ነበር፤ መቅኔው የአያታችን ነው። እሳቸው ደግሞ ለትንሹ ልጅ ያጎርሱታል።

ከዚያ ቡናው ይቀጥላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ተቀላቅሎ ይቀርባል። አራት ድርቡ ጋቢ ከቁም ሣጥን ይወጣል፤ በክረምት እርጥበት የያዘው ሽታ እንዲለቀው ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ ነው የሚገባው። መደብ ባለበት ቤት አጎዛ ይነጠፋል። ቴሌቪዥኑ ቢኖርም መብራት በሄደ ጊዜ «ተረት ተረት» የሚል አይጠፋም፤ ልጆቹም «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ምን ጎደለ? ለእኔ የሠርግ ድግስ የዚህን ያህል አያጠግብም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ለቡናው የተያያዘውን ከሰል ለሙቀት ብላችሁ መኝታ ክፍል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጭስ ባይታይም ሽታ ባይኖርም ይገድላል። በብርድ ሰሞን በዚህ ምክንያት ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦች አሉ። ማንደጃው ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ ይውጣ።

አባባሉ ሌላም ትርጉም አለው፤ ወጣቶች በጣም የሚወዱት እሱን ነው። ሔዋን ከአዳም ጎን አጥንት ተፈጠረች አይደል? ስለዚህ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ላላገባ ሰው ሲነገር «ብርዱን ብቻህን ልትገፋው ነው?» ማለት ይሆናል። ወሩም ለዚህ ይመቻል። አብዛኛው ሠርግ ጥር ላይ ነው፤ ከገና ጾም መፍቻ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ጥር ላይ የሚዳር ሰው በጥቅምት ሽማግሌ መላክ አለበት። አክስቶች ይህን ስለሚያውቁ መረቁን እየቀዱ ወንዱን ልጅ ቀና ብለው ያዩትና አባባሉን ጣል ያደርጋሉ። ልጁ ሳህኑ ላይ ያቀረቅራል። በዚህኛውም ትርጉም ቢሆን ልኩ አልተለወጠም፤ አንድ ነው፣ ቤት ውስጥ ነው፣ ብርዱን አብሮ የሚገፋ ነው።

የጽጌን ጾም የሚጾሙትም ከዚህ ምሽት አይጎድሉም። በአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ዜማና ሽብሸባ ትምህርት በታወቀችው ጎንደር ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት የጽጌ ማኅሌት ይቆማል። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ጋቢ ተከናንበው፣ መቋሚያ ይዘው በዚያ ብርድ ይወጣሉ። ለእነሱ ቤት ውስጥ የሚጠብቃቸው የምስር ሾርባ ወይም ትኩስ ሽሮ ነው። ኅዳር 15 ሲደርስ ደግሞ ሌላውም ይከተላቸዋል። አጥንቱ እስከ ገና ድረስ ከድስት ይወጣል፤ በቦታው ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ባቄላው ይጣዳል። ብርዱ ያኔም አለ፤ ልጆቹም ማእድ ቤቱን አይለቁም።